የጆርጅ ዋሽንግተን አፍ፦ ጥርስ ማጣትና ሰው ሠራሽ ጥርስ ፊትን እንዴት እንደሚለውጡ፣ የአንድ ታካሚ ጉዳይ ጥናት

የአሜሪካን የአንድ ዶላር ኖት አውጡና በላዩ ያለውን ፊት በጣታችሁ ከፍላችሁ እዩት፤ መጀመሪያ ከአፍንጫ በታች ያለውን ሸፍኑ፣ ቀጥሎ ከአፍንጫ በላይ ያለውን። ላይኛው ግማሽ ዓይናቸው የረጋ፣ ግንባራቸው የሰፋ ጎምቱ ሽማግሌ ነው። ታችኛው ግማሽ ሌላ ነገር ይናገራል። ከንፈሮቹ ተጨቁነው ቀጭን መስመር ሆነዋል፤ ከላይኛው ከንፈር እስከ አፍንጫ ያለው ሥጋ ግን ተወጥሮ ወደ ፊት ወጥቷል። አብዛኛው ሰው ይህን አፍ የቆራጥነት ምልክት አድርጎ ያነበዋል። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራ ባለሙያ ካየው የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ እዚህ አፍ ውስጥ የገባው ምንድን ነው?

የዶላሩ ፊት ባለቤት፣ የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ለዚህ ጥናት የሚመቹት ፊታቸው በዓለም ሁሉ ስለታወቀ ብቻ አይደለም። ጥርስ ማጣት በፊት ላይ የሚያደርሰውን ለማሳየት የቀድሞው ፊት፣ የኋለኛው ፊትና በመካከል የተሠራው ጥርስ ራሱ ከአንድ ሰው ሊገኙ ይገባል። ከ18ኛው መቶ ዘመን እነዚህ ሁሉ የቀሩለት ታካሚ ብርቅ ነው። የዋሽንግተን ሁሉም ተጠብቀው ቆይተዋል። በዚያ ላይ ታካሚው ለጥርስ ሠሪያቸው የጻፏቸው የቅሬታ ደብዳቤዎች አሉ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጡት እነሱ ናቸው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የታካሚው ታሪክ

ዋሽንግተን በ1732 ተወለዱ። በ1756፣ ገና የ24 ዓመት ወጣት መኮንን ሳሉ፣ ዋትሰን ለሚባል ሐኪም ጥርስ ለነቀለበት 5 ሺሊንግ ከፍለዋል፤ በሂሳብ መዝገባቸው ላይ ሰፍሯል። ከዚያ ወዲህ ያለው ማስታወሻና ሂሳባቸው በጥርስ ሕመም፣ በጥርስ ብሩሽ፣ በጥርስ ዱቄትና በነቃዮች ክፍያ የተሞላ ነው። ጥርሱን ችላ ያለ ሰው ታሪክ አይደለም። ስለ ምክንያቱ ብዙ ተብሏል፤ ለውዝ በጥርሳቸው ይሰብሩ ነበር የሚሉ አሉ፣ በዘመኑ ለልዩ ልዩ ሕመም ይሰጥ የነበረውን የሜርኩሪ መድኃኒት የሚከስሱም አሉ። ለፊታቸው ግን ልዩነት የለውም፤ ጥርሱ በምንም ይውጣ በምን፣ ከሥሩ ያለው አጥንት የሚሆነው ያው ነው።

በግንቦት 1781፣ አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር የምታደርገው የነፃነት ጦርነት ሳያልቅ፣ ለፊላደልፊያው የጥርስ ባለሙያ ለዶክተር ቤከር ደብዳቤ ላኩ። የጥርሳቸውን ሽቦ ማጥበቂያ ጉጠትና ጥርስ መፋቂያ እንዲልክላቸው ጠየቁ፤ በቅርቡ ወደ ፊላደልፊያ የመምጣት ተስፋ እንደሌላቸውም ጨምረው ጻፉ። ደብዳቤው በእንግሊዞች እጅ ወደቀ። ዛሬ በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ክሌመንትስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የጦር ታሪክ ወዳጆች ጠላትን አሳስቷል አላሳሳተም እያሉ ይከራከሩበታል፤ እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። የ49 ዓመቱ ጄኔራል በቀሩት ጥርሶቻቸው ላይ በሽቦ የታሰረ ጥርስ ነበራቸው፣ እሱንም ራሳቸው በገዛ እጃቸው ያጠብቁ ነበር።

ሽቦ የሚታሰርበት ጥርስ ደግሞ ዕድሜው አጭር ነው። ሸክሙም መጎተቱም እሱ ላይ ነው፤ ሽቦው በሚያልፍበት ድድ ቆሻሻ ይጠራቀማል፤ ጥቂት ቆይቶ እሱም ይነቃነቃል። አንዱ ሲወልቅ ሽቦው ወደ ሚቀጥለው ይዛወራል። ሚያዝያ 30 ቀን 1789 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነው ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ አፋቸው ውስጥ የራሳቸው የሆነ አንድ ጥርስ ብቻ ነበር፤ በታችኛው መንጋጋ በግራ በኩል።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። በግንቦት 1784 የተጻፈ የማውንት ቨርነን (የዋሽንግተን መኖሪያ ርስት) ሂሳብ መዝገብ፣ ለ ማየር በተባለው ፈረንሳዊ የጥርስ ባለሙያ ስም ለ9 ጥርሶች 6 ፓውንድ ከ2 ሺሊንግ ለ“ኔግሮዎች” መከፈሉን ያሳያል። በባርነት የተያዘ ሰው ጥርሱን “ሸጠ” ሲባል ምን ማለት እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ። ጥርሶቹ በመጨረሻ በማን አፍ እንደገቡ መዝገቡ አይናገርም። በማውንት ቨርነን ሙዚየም ባለው የዋሽንግተን ሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ግን የሰው ጥርስ አለበት።

አጥንቱ ምን ሆነ

ብዙ ሰው ጥርስ ሲወልቅ የጠፋው ጥርሱ ብቻ ይመስለዋል፤ ክፍተቱን በሌላ ሞላህ ማለት ፊቱን መለስክ ማለት ነው ብሎ ያስባል። ፊትን የሚለውጠው ግን ከጥርሱ ይልቅ ተከትሎት የሚሄደው አጥንት ነው።

የጥርስ ሥር የተቀበረበት የመንጋጋ ጠርዝ የሚኖረው ለጥርሱ ሲባል ነው። ባኘክን ቁጥር ጥርሱ በጥቂቱ ይነቃነቃል፣ ከአጥንቱ ጋር ያያያዙት ቀጫጭን ጅማቶች ይሳባሉ፣ አጥንቱም በዚያ መሳብ ራሱን እያደሰ ይቆያል። ጥርሱ ሲነቀል ሥራ የፈታውን አጥንት ሰውነት መልሶ ይመጠዋል። መክሰሙ በመጀመሪያዎቹ ወራትና በመጀመሪያው ዓመት ፈጣን ነው፤ ከዚያ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። አንትየ ታልግሬን የተባሉ ተመራማሪ ሙሉ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያደርጉ ሰዎችን እስከ 25 ዓመት ተከታትለው በ1972 ባሳተሙት ጥናት፣ የታችኛው መንጋጋ ጠርዝ ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል እንደሚከስም አሳይተዋል። ታች የሚደረግ ሙሉ ጥርስ ሁልጊዜ የሚያስቸግረው ለዚህ ነው፤ የሚቀመጥበት ወንበር ከሥሩ እየቀለጠ ነው።

የመክሰሙ አቅጣጫም ፊትን ይወስናል። የላይኛው መንጋጋ ጠርዝ ወደ ላይና ወደ ውስጥ ይሸሻል፤ በላዩ ተደግፎ የነበረው የላይኛው ከንፈርም አብሮት ይገባል። ቀዩ የከንፈር ክፍል ወደ ውስጥ ተጠቅልሎ ይሳሳል፤ ከአፍንጫ እስከ አፍ ጥግ የሚወርደው መስመር ይጠልቃል። ታች ደግሞ አፍ ሲዘጋ “እዚህ ቁም” የሚል ጥርስ ስለሌለ መንጋጋው ከልኩ በላይ ይዘጋል፣ ሲዘጋም ወደ ላይና ወደ ፊት ይዞራል። አገጭ ወደ አፍንጫ ይጠጋል። ጥርሳቸው የረገፈ አያት ቆሎ በድዳቸው ሲያላምጡ አገጫቸው ወደ ላይ ሲመጣ ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። የአፍ ጥግ ሲታጠፍ ምራቅ ይጠራቀምበታል፣ ይቆስላል፣ ይሰነጠቃል። ሰውየው በአንድ ጊዜ አሥር ዓመት ያረጀ ይመስላል፤ የተናደደም ያስመስለዋል፣ ሳይናደድ።

እንግዲህ የዋሽንግተንን ጉዳይ ከዚህ አንጻር እዩት። ጥርስ ማጣት የጀመሩት በ24 ዓመታቸው ነው፤ የጨረሱት ወደ 64 ሲጠጉ። አጥንታቸው አርባ ዓመት ሙሉ፣ በየተራ፣ እዚህም እዚያም ሲከስም ኖሯል። በዚህ ዓይነት መንጋጋ ላይ የተስተካከለ ጥርስ ማስቀመጥ ዛሬም ከባድ ነው።

የቀድሞው ፊት

በጥቅምት 1785 ፈረንሳዊው ቀራፂ ዣን አንቷን ኡዶን ውቅያኖስ ተሻግሮ ማውንት ቨርነን ድረስ መጣ። የ53 ዓመቱን ዋሽንግተን አስተኝቶ ፊታቸው ላይ ጀሶ በማፍሰስ ቅርፁን አነሣ፤ ከራስ እስከ ደረት ያለ የሸክላ ሐውልትም ሠራላቸው። የጀሶው ቅርፅ ዛሬ ኒው ዮርክ በሚገኘው የሞርጋን ቤተ መጻሕፍት አለ። በእሱ ላይ ተመርኩዞ የተቀረፀው የእብነ በረድ ሐውልት ሪችመንድ፣ የቨርጂኒያ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ቆሟል።

በዚያ ጊዜም ጥርሳቸው ጎድሎ ነበርና ይህን “ጤነኛው ፊት” ብሎ መውሰድ አይቻልም። ሆኖም ከንፈሮቹ ያለ ግፊት ተገናኝተዋል፣ ከአፍንጫ ሥር ያለው ቦታ ለስላሳ ነው፣ የአገጩና የከንፈሩ ርቀት የተመጣጠነ ነው። በሥዕል ሠዓሊው ሊያሳምር ይችላል፤ ጀሶ ግን ያገኘውን ነው የሚይዘው። ዛሬ አንድ ታካሚ ጥርሱን ከማስነቀሉ በፊት ፎቶና ቅርፅ አንሥተን እንደምናስቀምጠው መሆኑ ነው፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ሳይታሰብ።

የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው። የሸክላው ሐውልት እዚያው በቤታቸው ቀርቶ ነበር፣ ዛሬም እዚያው ነው። ጥርስ ሠሪያቸው ግን ኒው ዮርክ ተቀምጦ በሚሠራበት ጊዜ ይህን ፊት ለመመልከቻ የተጠቀመበት ምልክት በደብዳቤዎቻቸው ውስጥ አላየሁም።

የተሠራው ጥርስ

ጥርስ ሠሪያቸው ጆን ግሪንውድ ይባላል። በልጅነቱ በነፃነት ጦርነቱ ዋሽንት ነፊ ሆኖ የዘመተ፣ በእጅ ሥራ የተካነ ሰው ነበር። በ1789 ለዋሽንግተን የሠራው የታች ጥርስ በኒው ዮርክ የሕክምና አካዳሚ ይገኛል። ከጉማሬ ጥርስ የተቀረፀ ነው፤ በላዩ የሰው ጥርሶች በወርቅ ችካል ተተክለውበታል፤ በግራ በኩል ደግሞ ብቸኛዋ የዋሽንግተን ጥርስ የምታልፍበት ቀዳዳ አለው። ግሪንውድ በገዛ እጁ የማን ጥርስ እንደሆነና ማን እንደሠራው ቀርፆበታል፤ ኩራቱ ያስታውቃል። ሊኮራም ይገባው ነበር።

በማውንት ቨርነን የሚታየውና ሙሉ ሆኖ የቀረው ጥርስ ከዚህ የተለየ ነው። መሠረቱ እርሳስ ነው። የሰው ጥርስ፣ የከብት ጥርስና የዝሆን ጥርስ ተቀላቅለውበታል፤ ላይና ታቹ በሞላ የተያያዙ ናቸው። እንጨት የለበትም። የእንጨት ጥርስ ነበራቸው የሚለው ወሬ መነሻው ምናልባት የዝሆን ጥርስ ሲቆይ የሚያወጣው ስንጥቅና ቡናማ መስመር ነው፤ አፍ ውስጥ የከረመ የዝሆን ጥርስ እውነትም እንጨት ይመስላል።

ሞላው ለምን አስፈለገ? ዛሬ የላይኛው ጥርስ የሚይዘው ከላንቃ ጋር በጣም ተቀራርቦ ስለሚገጥምና በመካከል ያለው ቀጭን የምራቅ ሽፋን ስለሚያጣብቀው ነው። እንዲህ ያለ መግጠም የሚገኘው የድዱ ቅርፅ በትክክል ተነሥቶ፣ በቅርፁ ላይ ፈሳሽ ሆኖ በሚፈስስ ነገር ሲሠራ ነው። የጎማ መሠረት የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ነው፤ ዛሬ የምንጠቀምበት ሮዝ ፕላስቲክ፣ አክሪሊክ፣ በ1930ዎቹ መጨረሻ። ግሪንውድ የነበረው መሮና መፋቂያ ነው። የጉማሬ ጥርስ በመሮ ተቀርፆ የድድን እያንዳንዱን ጎድጓዳ አይከተልም። ስለዚህ ላይኛው እንዳይወድቅ በሞላ ወደ ላይ ይገፋል፤ ታችኛው ወደ ታች።

የሞላ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ መግፋቱ ነው። ታካሚው ከንፈሩንና መንጋጋውን ዘና ካደረገ አፉ ይከፈታል። ሲበሉ ብቻ ሳይሆን ሲያዳምጡም፣ ሲቀመጡም፣ ሠዓሊ ፊት ሲሆኑም ጥርስን ነክሶ መቆየት ግድ ነው። በዶላሩ ላይ ካለው የአፍ ጭንቀት ከፊሉ ከዚህ የመጣ እንደሆነ አምናለሁ፤ ያ የሚሠራ ጡንቻ ነው።

ሌላው ከፊል ውፍረቱ ነው። የጉማሬ ጥርስም የዝሆን ጥርስም ሲሳሳ ይሰበራል፤ እንዳይሰበር ጥርሶቹ የተተከሉበት አግዳሚ ወፍራም መሆን ነበረበት። ያ አግዳሚ የሚቀመጠው ደግሞ ከከንፈር ሥር፣ ላይኛው ወደ አፍንጫ በሚጠጋው ቦታ ላይ ነው። እንግዲህ በአንድ ፊት ላይ ሁለት ተቃራኒ ነገር ሆነ። አጥንቱ ሸሽቶ ፊቱን ወደ ውስጥ ጎተተው፤ ጥርሱ ደግሞ ድጋፍ በሚፈለግበት ቦታ ሳይሆን በማይፈለግበት ቦታ ወደ ውጭ ገፋው።

የኋለኛው ፊት

በ1796 ሠዓሊው ጊልበርት ስቱዋርት ፕሬዚዳንቱን አስቀምጦ የሳለው ሥዕል፣ አቲኒየም በመባል የሚታወቀው፣ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ዶላሩ ላይ የተቀረፀው ነው። ስቱዋርት ሆን ብሎ ሳይጨርሰው ተወውና ሳይሰጥ አስቀረው፤ በእሱ እያየ ብዙ ቅጂ እየሳለ ሸጠ። ቅጂዎቹን “የመቶ ዶላር ኖቶቼ” ይላቸው ነበር።

ስቱዋርት ራሱ እንደተናገረው፣ ሥዕሉ ሲሳል ዋሽንግተን አዲስ ጥርስ ገና ማስገባታቸው ነበር፤ በአፍና በታችኛው የፊት ክፍል የሚታየው መጨናነቅ የመጣው ከዚያ ነው። ከንፈራቸው እንዲሞላ ጥጥ አጉርሷቸዋል የሚል ተረትም አብሮ ይወራል። እኔ ጥጡ አያስፈልገኝም። ውፍረቱን ለማስረዳት አግዳሚው ብቻውን ይበቃል።

በዚሁ ዘመን የመጨረሻዋ ጥርስ ወለቀች። ግሪንውድ በመስታወት ክዳን ባለው ትንሽ መያዣ አድርጎ ለራሱ አስቀራት፤ እሷም አሁን ከታች ጥርሱ ጋር በሕክምና አካዳሚው ትገኛለች። ለታካሚው ግን ጉዳቱ ከባድ ነበር። ያቺ አንዲት ጥርስ የታች ጥርሱ የሚያዝባት ካስማ ነበረች፤ በዙሪያዋ ያለውን አጥንትም ከመክሰም ትጠብቅ ነበር።

ሁለተኛው ሹመታቸው ላይ ያደረጉት ንግግር 135 ቃል ብቻ ነው፤ በአሜሪካ ታሪክ አጭሩ። ምክንያቱ ጥርሳቸው ነው የሚሉ አሉ። በዚህ እንኳ አልምልም፤ ንግግር ማሳጠር ሌላም ምክንያት ይኖረዋል።

ደብዳቤዎቹ

በጥር 1797 ከፊላደልፊያ ለግሪንውድ የጻፉት ደብዳቤ እንዲህ ይላል፣ በራሴ አባባል። የላኩልህ ጥርሶች ላልተው ጥቂቶቹ ጨርሰው ወልቀዋል፤ ቶሎ ጠግነህ መልስልኝ፤ አሁን የማደርጋቸው ሌሎች ጥርሶች አፌ ውስጥ አይመቹም፣ ከንፈሬንም ወደ ውጭ እየገፉ ክፉኛ ያበጠ ያስመስሉታል። ከቀናት በኋላ በጻፉት ሌላ ደብዳቤ ደግሞ ከንፈሩን ከአሁኑ በላይ በጥቂቱም ቢሆን የሚገፋ ነገር እንዳይደረግ አስጠነቀቁ።

በታኅሣሥ 1798 ጡረታ ላይ ሳሉ እንደገና ተጠርተው፣ ከፈረንሳይ ጋር ይመጣል ለተባለው ጦርነት ሠራዊት ሊያደራጁ ፊላደልፊያ ነበሩ። ከዚያ የጻፉት ነው በጣም የሚደንቀኝ። ጥርሶቹ ቀጥ ቢሉ፣ ወደ ውስጥ ቢያዘነብሉ ወይም ወደ ውጭ ቢጎብጡ ግድ እንደሌላቸው ነገሩት። ለከንፈር ማበጥና መሾል ምክንያቱ አግዳሚዎቹ ብቻ መሆናቸውን አግኝቻለሁ አሉት፤ የላይኛው አግዳሚ ከታችኛው ወደ ኋላ እንዲል ለማስረዳትም በደብዳቤው መካከል በብዕራቸው ትናንሽ መስመሮች ሳሉለት።

ይህ ሙሉ ምርመራ ነው። አንድ ታካሚ “ከንፈሬ ወጣ” ብሎ ሲመጣ ባለሙያው ለይቶ ማወቅ ያለበት ዋና ነገር ይኸው ነው፦ ከንፈሩን የገፋው ጥርሱ ነው ወይስ ከጥርሱ በላይ ያለው መሠረት? ጥርሶቹ ወደ ፊት ከወጡ ቀዩ ከንፈር ይወፍራል፣ ይገለበጣል። መሠረቱ ከወፈረ ከአፍንጫ ሥር ያለው ቦታ ያብጣል፣ ቀዩ ከንፈር ደግሞ ተወጥሮ ይሳሳል። ዶላሩ ላይ ያለው አፍ የሁለተኛው ዓይነት ነው፤ የዋሽንግተንም ምርመራ እንደዚያው። ሕክምና ያልተማሩ፣ መሬት በመቀየስ ሥራቸውን የጀመሩ ሰው ናቸው፤ ምናልባት የቀያሽ ዓይን ረድቷቸው ይሆናል።

የግሪንውድ መልስ የተጻፈው በዚያው ወር ማብቂያ ነው። ትልቁ ክፍል ስለ ቀለም ነው። የላክልኝ ጥርስ በጣም ጠቁሮ ደርሶኛል፤ ፖርት ወይን ውስጥ ዘፍዝፈኸው ወይም ወይኑን ስትጠጣ ነው፤ ወይን ጎምዛዛ ስለሆነ ማለስለሻውን ያስለቅቀዋል፤ ከራት በኋላ አውጥተህ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አስቀምጠው፤ ቢጠቁር በኖራ ጠመኔ ፈትገው፤ ቢጫ እንዲል ከፈለግህ መረቅ ውስጥ ዘፍዝፈው። ምክሩ በዘመኑ መጥፎ አልነበረም፤ ማታ ማታ ጥርስን ከአፍ ማውጣት ዛሬም የምንናገረው ነው። ነገር ግን ሰውየው ስለ ከንፈራቸው እየጮኹ እሱ ስለ ቀለሙ ማብዛቱን ሳነብ እበሳጫለሁ። ፊታቸው ከፊቱ አልነበረም። ኒው ዮርክና ፊላደልፊያ በፖስታ የሚገናኙ ሁለት ከተሞች ነበሩ፤ ጥርሱ በሣጥን ይሄዳል፣ ፊቱ ግን እዚያው ይቀራል።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ

በ2000ዎቹ የማውንት ቨርነን አስተዳዳሪዎች ጎብኚ ሰው ዋሽንግተንን በዶላሩ ላይ ካለው ሽማግሌ ውጭ እንዲያያቸው ፈለጉ። የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲው አንትሮፖሎጂስት ጄፍሪ ሽዋርትዝ ከአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ጋር ሆነው የኡዶንን ቅርፅና ሐውልት በሌዘር ስካን አደረጉ፤ የተረፉትን ጥርሶችም አብረው። አፅማቸውን መንካት ስላልተፈቀደ የመንጋጋ አጥንቱ ምን ያህል እንደከሰመ ለመገመት ጥርሶቹን መጠቀም ግድ ሆነ፤ ጥርሱ የተቀመጠበትን ድድ ቅርፅ ይዟልና። ከዚያ ወደ ኋላ እየተመለሱ የ57፣ የ45 እና የ19 ዓመቱን ፊት አወጡ። ምስሎቹ በ2006 ለሕዝብ ታዩ። የ19 ዓመቱ ቀያሽ የታችኛው ፊቱ ረዘም ያለ፣ ከንፈሩ የሞላ ወጣት ነው፤ ዶላሩን ብቻ የሚያውቅ ሰው ስሙ ካልተነገረው አይለየውም።

ዛሬ ቢመጡ

ዋሽንግተን ዛሬ ክሊኒክ ቢገቡ ከሁሉ በፊት የሚደረገው የታችኛውን የፊት ክፍል ቁመት መለካት ነው። ሰው ዘና ሲል በላይና በታች ጥርሱ መካከል ከ2 እስከ 4 ሚሊሜትር ክፍተት ይኖራል፤ ያ ክፍተት ከጠፋ ጥርሱ ረዝሟል፣ ከንፈር በጉልበት ነው የሚገጥመው፤ ከሰፋ ጥርሱ አጥሯል፣ አገጩ ወደ አፍንጫ ይመጣል። ቀጥሎ ጥርሶቹ በሰም ላይ ተሰክተው አፍ ውስጥ ይሞከራሉ፣ ገና ሳይጠነክሩ። በዚህ ጊዜ ታካሚው ማውራት አለበት። በአማርኛ “ስልሳ ስድስት፣ ስልሳ ሰባት” ብሎ መቁጠር ጥሩ ፈተና ነው፤ “ስ” ሲል ጥርሶቹ ከተጋጩ ቁመቱ በዝቷል። ከጎንም ይታያል፤ ከአፍንጫ ሥር ማበጥ ካለ ሰሙ በዚያው ይፋቃል። የድሮ ፎቶ ካለ ጥርሱ እየታየ የሳቀበት ፎቶ ይመረጣል። በአገራችን የድሮ ፎቶ ላይ ሰው አፉን ገጥሞ ነው የሚነሣው፤ ግን ያም ለከንፈሩ ድጋፍ ይጠቅማል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል፣ ታካሚውም እዚያው መገኘት አለበት። ከውጭ አገር ለዕረፍት መጥቶ በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥርሱን አስነቅሎ ሙሉ ጥርስ አሠርቶ የሚመለስ ሰው የግሪንውድን ታካሚ ዕጣ ነው የሚወስደው። አጥንቱ በጣም የሚከስመው በመጀመሪያዎቹ ወራት ስለሆነ፣ በሚመለስበት ጊዜ ልክ የነበረው ጥርስ ከግማሽ ዓመት በኋላ ይላላል፤ የሚያስተካክለው ሰው ደግሞ በአውሮፕላን የሚደረስበት ነው። ልጆቻቸው ዘንድ ሄደው ዋሽንግተን ዲሲ ወይም ፍራንክፈርት አሠርተው የተመለሱ እናትና አባትም እንዲሁ። ነቅሎ ማሠሩና ማስተካከሉ አንድ ቦታ ቢሆን ይመረጣል፤ ካልሆነም ጥርሱ ከውስጥ በኩል እንደገና የሚሞላበት ጊዜ አስቀድሞ መታሰብ አለበት። አሥር ዓመት የቆየ ጥርስ የሚመጥነው ከአሥር ዓመት በፊት ለነበረው አፍ ነው።

ጠንካራ ሥር ያለው ጥርስ ካለ፣ ለመልክ ባይሆንም፣ አንዱን ሁለቱን ማስቀረት ትልቅ ጥቅም አለው። ክራምና ሩኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 ባሳተሙት የአምስት ዓመት ክትትል፣ በታችኛው መንጋጋ የክራንቻ ሥር ተጠብቆላቸው በላዩ ሙሉ ጥርስ ያደረጉ ሰዎች ፊት ለፊት ያለው አጥንታቸው 0.6 ሚሊሜትር ሲቀንስ፣ ሁሉም ጥርሳቸው የተነቀለው ግን 5.2 ሚሊሜትር አጥተዋል። ግሪንውድ በ1789 በጉማሬ ጥርሱ ላይ የበሳት ቀዳዳ፣ ዛሬ በዕቅድ የሚሠራው ነገር ናት።

ሥርም ከሌለ መንጋጋ አጥንት ውስጥ የሚተከል ብሎን መሰል ኢምፕላንት አለ። በ2002 ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተሰበሰቡ ባለሙያዎች፣ ጥርስ ለሌለው የታችኛው መንጋጋ የመጀመሪያ ምርጫ መሆን ያለበት በሁለት ኢምፕላንት የሚያዝ ጥርስ ነው ብለው ተስማምተዋል። ይህ የዋሽንግተንን የታች ጥርስ ያለ ሞላ ይይዘዋል፣ በዙሪያው ያለውን አጥንትም ይጠብቃል። የላይኛውን ከንፈር ግን ኢምፕላንት አይደግፍም። አርባ ዓመት የከሰመውን የላይኛው መንጋጋ ቦታ የሚሞላው አሁንም የጥርሱ መሠረት ነው፤ በጣም ከሳሳ ከንፈሩ ይገባል፣ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ከወፈረ ከአፍንጫ ሥር ያብጣል። ልዩነቱ አክሪሊክ በታካሚው ፊት፣ መስታወት አስይዞ፣ በደቂቃ ውስጥ የሚፋቅ መሆኑ ነው።